አስረኛዋ ኳስ

እርሳስን ሞቶ ያገኘው የአዳራሹ ዘበኛ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከተመልካች መቀመጫ ሥር ያለችውን የመዝገብ ክፍል ሊጠርግ ቢከፍት ሰውዬው ወለሉ ላይ በጎኑ ተኝቷል። ጭንቅላቱ ከብረት ቁም ሳጥኑ ማዕዘን አጠገብ ነው፤ ደሙ ደርቆ ከሲሚንቶው ጋር ተጣብቋል። ዘበኛው መጥረጊያውን ጥሎ ጮኸ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቢጮኹ ማን ይሰማል? የሰማው ራሱ ብቻ ነበር።

እርሳስ ቅጽል ስሙ ነው። የወጣለት ስም ነበረው፤ የሚጠራው ጠፋ እንጂ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ዳር ተቀምጦ ማን ስንት አገባ፣ ማን ስንት ሳተ፣ ማን ስንት ደቂቃ ተጫወተ እያለ የጻፈ ሰው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋ። የሚጽፈው ግን በእስክሪብቶ ነበር፤ እርሳሷን ለጌጥ ነው የሚሰካት። ሬሳው ላይም ከጆሮው አልወደቀችም።

ኢንስፔክተሯ ገብታ ቆመች። ሃያ ሁለት ዓመት ሬሳ ያየች ሴት ናት፤ አልለመደችውም። ለመድኩት የሚል ፖሊስ ካለ ወይ ይዋሻል ወይ ድሮም ልብ አልነበረውም። በሩ አልተሰበረም። ወንበሩ ተገልብጧል። ጠረጴዛው ላይ ግን የትናንቱ ጨዋታ ወረቀት ብቻውን ተዘርግቷል፤ ልክ እንደ ተነጠፈ አልጋ፣ አንድ እጥፋት የለበትም።

አዛዡ ከኋላዋ መጣ። ሦስት ዲግሪ አለው ይባላል፤ አንዱም ሰው ማየት አላስተማረውም።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ። «ጭልፊት የሚሉት ተጫዋች ትናንት ጨዋታው እንዳለቀ ይሄን ጠረጴዛ ላይ የሚጽፍ ሰውዬ አፋጦት ነበር። ‹አስረኛዋ የኔ ናት! ዋጋህን ታገኛለህ!› ብሎ፣ ሕዝብ ፊት።»

«አስረኛዋ ምንድን ናት?»

«ሪባውንድ። ኳስ ከቀለበቱ ነጥራ ስትመለስ ቀድሞ መያዝ። አንድ ሰው በአንድ ጨዋታ ከነጥቡም፣ አቀብሎ ካስቆጠረውም፣ ከሪባውንዱም አስር አስር ከሞላ ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ ክለብ ማንም ሞልቶ አያውቅም። ጭልፊት ሁለቱን ሞልቷል፤ ሪባውንድ ላይ እርሳስ ዘጠኝ ብሎ ድርቅ አለበት። አሁን ወረቀቱን እዪው።»

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ አለች። ከጭልፊት ቁጥር ትይዩ ነጥብ 21፣ ያቀበለው 11፣ ሪባውንድ 10 ይላል።

«አስር» አለች።

«አስር! ወይ አስጽፎ ገደለው፣ ወይ ገድሎ ጻፈው። ልጁ ከቤቱ ተይዟል። ጋዜጠኞቹ በር ላይ ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ክሱን አዘጋጂልኝ።»

«ለአንዲት ኳስ ሰው ይገደላል ጌታዬ?»

«ከዚያ ባነሰ ሲገደል አላየሽም?»

አይታለች። እሱ ነው የከነከናት።

ከጣቢያው ደጅ ደረጃው ላይ አንዲት ሴትዮ ተቀምጣለች፤ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ከጎኗ አድርጋለች፣ ለመክረም እንደመጣች። የጭልፊት እናት ናት።

«አንቺ ነሽ ልጄን ያሰርሽው?»

«እኔ አይደለሁም እማማ። ትናንት ስንት ሰዓት ቤት ገባ?»

«አንድ ሰዓት ላይ። ፊቱን አኮማትሮ። አልበላም አለና ግማሽ ድስት ጨረሰ።»

«ጨዋታው አስራ አንድ ሰዓት ላይ አልቋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ የት ነበር?»

«በእግሩ መጣ። ሲናደድ በእግሩ ነው የሚሄደው፤ አባቱም እንደዚያ ነበር። አንድ ቀን ተናዶ ሄደና በዚያው ቀረ።»

«መንገድ ላይ ያየው ሰው አለ?»

«ሁለት ሜትር ሰው ሲሄድ የማያይ ከተማ አለ? ያየውማ ሁሉም አይቶታል። ሬዲዮው ገዳይ ካለው በኋላ አየሁት የሚል አምጪ ብትዪኝ ነው የሌለኝ።» ቀና ብላ ኢንስፔክተሯን ከእግር እስከ ራሷ ለካቻት። «ሰው መስለሽኛል። እስቲ እንዳልሳሳት።»

አዳራሹ ውስጥ ሰዓት ያዧ ከጠረጴዛዋ አልተነሳችም። ሃያ ዓመት ከእርሳስ ጎን ተቀምጣ የጨዋታውን ሰዓት ስታስነሳና ስታቆም የኖረች፣ ከሃምሳ ያለፈች ንጹህ ሴት ናት። በሁለቱም እጇ ሰዓት አስራለች፤ አንዱ ቢቆምስ ብላ። የክለቡ አሰልጣኝ ታላቅ እህት መሆኗን ለኢንስፔክተሯ የነገራት ዘበኛው ነው፤ ወላጆቻቸው ሞተው በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት አለ።

«ጠቡን አይተዋል?»

«እዚሁ፣ ከአፍንጫዬ ሥር። ልጁ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። እርሳስ ቀና እንኳ አላለም። ‹ኳሷን በጣቱ የመለሳት ግንቡ ነው፤ የግንቡ ናት› አለው፤ አለቀ።»

«ግንቡ ማነው?»

«የክለባችን ትልቁ ተጫዋች። ጨዋታው አልቆ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሲገባ ወደቀ፣ ልቡ ነው። እስካሁን አልነቃም። ወንድሜ አምቡላንሱ ላይ አብሮት ገብቶ ሄደ፤ እስካሁን ከአልጋው ሥር አልተነሳም።» ዓይኗ ሞላ። «ይሄም ልጅ የለፋ ልጅ ነው። አትጨክኑበት።»

«እርስዎ ስንት ሰዓት ወጡ?»

«አስራ አንድ ከአስራ ሁለት።»

«በደቂቃ ያስታውሱታል?»

«ሰዓት ያዥ እኮ ነኝ፣ ልጄ።»

ዘበኛውን ስትጠይቀው ራሱን አከከ። «አምቡላንሱ ሲመጣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ከዚያ በኋላ ሰው እንደ ጎርፍ ነው የወጣው። ማንን አየሁ፣ ማንን አላየሁም ልበል?»

ጭልፊት የእስር ቤቱ ወንበር ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። የሰው ልጅ እንደዚያ ሲረዝም ለማዘንም ቦታ ያንሰዋል። ኢንስፔክተሯ የወረቀቱን ግልባጭ ፊቱ አደረገችለት። ጣቱ በመስመሩ ላይ ሄዶ አስር የምትለው ላይ ቆመ።

«ሰጠኝ?» አለ በሹክሹክታ። ከዚያ ወረቀቱን ገፋው። «አይ። አልሰጠኝም። ይሄ ውሸት ነው።»

«እንዴት አወቅህ?»

«እርሳስ የጻፈውን አይለውጥም። እናቱ መጥታ ብትለምነው አይለውጥም። ስለዚህ አይደል የተናደድኩት? ... ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ? ቤት ገብቼ ሳስበው እሱ ነው ትክክል። መጀመሪያ የነካት ግንቡ ነው። ዛሬ መጥቼ ይቅርታ ልጠይቀው ነበር።»

«ኳሷ መቼ ነው የነጠረችው?»

«መጨረሻው ላይ፣ አራተኛው ክፍለ ጊዜ። ሰሌዳው ላይ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እህቴ፣ ለአስረኛዋ አንዲት ብቻ ቀርታኝ ሰሌዳውን አላይም ትያለሽ? ከግንቡ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው የዘለልነው።»

ኢንስፔክተሯ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ገባች፤ ሞተሩን ግን አላስነሳችም። አዛዡም፣ ሬዲዮውም፣ እሷ ራሷም ከጠዋት ጀምረው አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት፦ ኳሷ ለማን ተሰጠች? ከማን ተወሰደች ብሎ የጠየቀ የለም።

ወረቀቱን ከፈተች። ከግንቡ ቁጥር ትይዩ እስከ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ድረስ የተጫወተው 17 ደቂቃ ተብሏል። ቀጥሎ፦ አራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ገባ፣ 2። ጠቅላላ፣ 19። ብታየው ብታየው አልገባትም። የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወረቀቱን የነካ እጅ የነካው የግንቡን መስመር ነው።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አሰልጣኙ ፂሙ ተንጨባርሮ፣ በትናንቱ ቱታ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ነርሷ ከአምቡላንሱ ወርዶ ለሽንት እንኳ ከዚህ አልራቀም ብላ መሰከረችለት። ኢንስፔክተሯ ያኔውኑ ከተጠርጣሪ ሰረዘችው። ግን ነርሷ ሌላም ነገር አሳየቻት፤ ከግንቡ ፋይል ላይ የተያያዘች ደብዳቤ። ከሁለት ወር በፊት የልብ ሐኪሙ የጻፋት ናት፦ በአንድ ጨዋታ ከሃያ ደቂቃ በላይ እንዳይጫወት። ከግርጌዋ የአሰልጣኙ ፊርማ አለ።

«ትናንት ስንት ደቂቃ አጫወቱት?» አለችው።

«አስራ ዘጠኝ።» ወዲያው ነው የመለሰው፤ እንደተጠና ትምህርት።

«ሲያጫውቱ ይቆጥራሉ?»

«እኔ ጨዋታ ነው የምመራው፣ ደቂቃማ ማን ይቆጥራል? ወረቀቱ አለ አይደል።»

«ወረቀቱን የት አዩት? እርስዎ ከአምቡላንሱ ጋር ነው የሄዱት። ወረቀቱ ሬሳ አጠገብ ተገኝቶ እኛ ዘንድ ነው ያለው።»

አሰልጣኙ የቱታውን ዚፕ ወደ ላይ ሳበ። ከክፍሉ መስታወት ወዲያ ግንቡ ተኝቷል፤ እግሩ ከአልጋው ተርፎ ወንበር ደግፈውለታል።

«ሰው ነገረኝ» አለ በመጨረሻ።

«ማን?»

አሰልጣኙ ወደ መስታወቱ ዞረ። ኢንስፔክተሯም አልጨቀጨቀችውም፤ አንዳንዴ ዝምታ አድራሻ ይናገራል።

የእርሳስ ሚስት ቤት ለቀስተኛ ገና አልሞላም። ሴትዮዋ ኢንስፔክተሯን አስቀምጣ ሻይ ልትቀዳ ተነሳች፤ ቀድታ አቀረበች። ቤቱ ከአልጋ በቀር የወረቀት ካርቶን ነው። የሠላሳ አንድ ዓመት ጨዋታ ግልባጭ ግድግዳውን ሞልቶታል።

«ሰው ወርቅ ያከማቻል» አለች ሚስትየዋ። «የኔው ደግሞ ይሄን። ስሞት ከነካርቶኔ ቅበሩኝ ይል ነበር፤ ጉድጓድ ቆፋሪው ያብዳል እለው ነበር።» ሳቅ ጀመራትና መሃል ላይ ተሰበረ።

ኢንስፔክተሯ የተገኘውን ወረቀት ሰጠቻት። ሚስትየዋ መነጽሯን አድርጋ አየች፤ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ የሱ አይደለም።»

«ቁጥሩ የሱን አይመስልም?»

«ይመስላል። ግን ስርዙ የታለ? ጨዋታ እየሮጠ የሚጻፍ ወረቀት እንዲህ ንጹህ ይሆናል? እስቲ እነዚህን እዪ።» ከካርቶኑ ሦስት አራት አወጣች። ሁሉም ስርዝ፣ ቀስት፣ የላብ ጠብታ ናቸው። «ይሄንን ሰው ቁጭ ብሎ ገልብጦታል። ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» ጣቷን የግንቡ መስመር ላይ አደረገች። «ገባ፣ ሁለት። ጠቅላላ፣ አስራ ዘጠኝ። አስራ ሰባትና ስምንት ሃያ አምስት አይደለም እንዴ?»

«ስምንት ከየት መጣ?»

«ልጄ፣ አንዱ ክፍለ ጊዜ አስር ደቂቃ ነው። የኔ ባል ገባ ሁለት ካለ ሁለት ደቂቃ ከተጫወቱ በኋላ ገባ ማለቱ ነው፤ ስምንት ተጫወተ። እሱ ያለፈውን ነው የሚቆጥረው። ሌላው ሁሉ ሰሌዳውን እያየ የቀረውን ይጽፋል፤ እሱ ግን ‹የሆነውን ልመዝግብ፣ የቀረውን እግዜር ይቁጠረው› ይላል። ሻይ እንኳ ጥጄ ‹ስንት ደቂቃ ቀረው?› ብለው ‹አራት ሆነው› ነው የሚለኝ። ስንቴ አናዶኛል!»

ኢንስፔክተሯ ሻዩን አስቀመጠች። «ይሄን የጻፈ ሰው ግን ሁለት ደቂቃ ሲቀር ገባ ለማለት ነው የፈለገው። አስራ ሰባትና ሁለት፣ አስራ ዘጠኝ።»

«ሌላውን መስመር ሁሉ እንዳለ ገልብጦ፣ ከራሱ ያመጣት ስትደርስ ከኋላ ቆጠረ» አለች ሚስትየዋ። መነጽሯን አወለቀች። «ማነው የገደለብኝ?»

«መልሱን ይዤ እመጣልዎታለሁ» አለችና ወጣች ኢንስፔክተሯ።

ግንቡ ከዚያ ቀድሞ ገብቷል፤ የልብ ሐኪሙ የፈቀደለትን ሃያ ደቂቃ አልፏል። ደቂቃውን ዝቅ ለማድረግ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ገባ ተባለ። አምስት ደቂቃ ሲቀር የያዛት ኳስ ግን ታሳብቃለች፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ኳስ አይመልስም። ስለዚህ ኳሷ ሌላ ባለቤት ተፈለገላት።

መኪናው ጋ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ፤ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ነው። አዳመጠችው። «ምን ያህል?» አለች። ደግሞ አስደገመችው። ከዚያ በኋላ እስከ አዳራሹ ድረስ ሬዲዮዋን እንኳ አልከፈተችም።

ስምንት ሰዓት አልፏል። ሰዓት ያዧ አሁንም ጠረጴዛዋ ጋ ናት፤ ቤቷ መሄድ የፈራች ትመስላለች።

«ሰሌዳውን ያብሩልኝ» አለቻት ኢንስፔክተሯ። «አስር ደቂቃ ላይ።»

በራ። ሴትዮዋ ቁልፉን ተጫነች፤ ቀይ ቁጥሮቹ ወደ ታች መውረድ ጀመሩ።

«ጨዋታው ሦስት ደቂቃ ሲሄድ ሰሌዳው ምን ይላል?»

«ሰባት።»

«እርሳስ ምን ብሎ ነው የሚጽፈው?»

«ሰባት ነዋ።»

ኢንስፔክተሯ ከቤቱ ያመጣችውን አሮጌ ወረቀት ከተገኘው ጎን አስቀመጠች። «ሦስት ብሎ ነው። እሱ ያለፈውን ነበር የሚጽፈው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት።»

ሰዓት ያዧ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ጣቷ በግንቡ መስመር ላይ፣ ሁለት የምትለዋ ላይ ሄዶ ቆመ። ሰሌዳው ከላይ እየወረደ ነው።

«ሃያ ዓመት» አለች። «ሃያ ዓመት ክንዴ ክንዱን እየነካ፣ ወረቀቱን አንድ ቀን አላየሁትም። ዓይኔ ሰሌዳው ላይ ነው። ሰዓት ያዥ ዓይኗን ከሰሌዳው አታነሳም።»

«ልጁ በእውነት ስንት ተጫወተ?»

«ሃያ አራት።» ቁልፉን ተጫነችው፤ ሰሌዳው ቆመ። «ወንድሜ ከሆስፒታል ደወለ። ‹እትዬ፣ ልጁ ሊሞት ነው፣ ስንት ደቂቃ ነው የተጫወተው?› አለኝ። ሲጫወት ማንም አልቆጠረም፤ ከወረቀቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ከሃያ ካለፈ የሚጠየቀው ወንድሜ ነው፤ ሄጄ እርሳስን ለመንኩት። አራት ደቂቃ ቀንስልኝ፣ ለአንተ አራት ደቂቃ ምንህ ናት አልኩት። ‹ልጁ የተጫወተውን ነው የጻፍኩት› አለኝ። ወረቀቱን ያዝኩት፤ እሱም ያዘው። ጎተተ፣ ጎተትኩ። ከዚያ ... ለቀቅኩት። ሌላ ምንም አላደረግኩም፤ ለቀቅኩት ብቻ። ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ።»

«ኳሷን ለምን ለጭልፊት ሰጧት?»

«ለአንድ ሰው መጻፍ ነበረባት። ድምሩ ይጎድላል። የሚፈልጋት እሱ ነበር፤ ደስ ይበለው ብዬ ነው። በልጁ ላይ ክፉ አላሰብኩም።»

«ጠዋት በሬዲዮ ገዳይ ሲባል ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

«‹አትጨክኑበት› አሉኝ። ‹እኔ ነኝ› ግን አላሉኝም።»

ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ከፍታ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ስርዝ፣ ቀስት፣ ላብ። የእርሳስ የእጅ ጽሑፍ። «መቅደድ አቃተኝ» አለች። «ላቃጥለው አልኩ፣ እሱም አቃተኝ።»

«አስራ አንድ ከአስራ ሁለት ላይ አልወጡም ማለት ነው። ይሄን ሲገለብጡ ስንት ደቂቃ ፈጀብዎት?»

«ሠላሳ አራት።» ሳታስብ ነው የመለሰችው።

«እሱስ?»

«ሞቷል። ወድቆ አልተንቀሳቀሰም። ወደዚያ ... ወደዚያ አልዞርኩም። ከዞርኩ መጻፍ አልችልም ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ሐኪሙ ያላትን ልትነግራት አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ኋላ ግን ነገረቻት። ሰው የሠራውን ግማሹን ብቻ አውቆ እንዲሄድ ማድረግ ምሕረት አይደለም፤ ስንፍና ነው።

«አርባ ደቂቃ ያህል በሕይወት ቆይቷል። ይተነፍስ ነበር።»

ሰዓት ያዧ ሁለቱንም እጇን ዘርግታ፣ መጀመሪያ የቀኙን ሰዓት፣ ከዚያ የግራውን ፈታች። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖረቻቸው። ካቴናውን ያጠለቀላት ፖሊስ ልጇ ሊሆን ይችል ነበር፤ ቀስ ብሎ አጠለቀላት።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ጭልፊት ከጣቢያው ወጣ። በሩ አጥሮት ጎንበስ አለ። ጋዜጠኞቹ ሌላ ወሬ ሰምተው ወደ ሆስፒታሉ ሮጠዋል፤ ደጁ ላይ የቀረችው እናቱ ብቻ ናት።

እናትየው ተነሳች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ የልጇን ክንድ በሁለት እጇ ያዘች። ኢንስፔክተሯ ደረጃው ላይ ቆማለች።

«አመሰግናለሁ እንድልሽ ነው የቆምሽው?»

«አይደለም እማማ።»

«የኔን ነው የመለሽልኝ እንጂ አልሰጠሽኝም። ጠዋት ሲወስዱት አራት ፖሊስ፣ ሁለት መኪና፣ ያ ጡሩንባችሁ። ሰፈሩ ሁሉ በየደጁ ወጥቶ አየ። አሁን ብቻውን ሲገባ ‹አምልጦ ነው› አይሉም? ሬዲዮው አይደለም ቢል ማን ይሰማዋል? ክፉውን ሲያወራ ነው ጆሮ የሚሰጡት።»

«ተይ እማ» አለ ጭልፊት።

«አልተውም።»

እውነት ነዋ። አዛዡ መስኮቱ ላይ ቆሞ በጣቱ ይጠራታል፤ ሪፖርቱን ፈልጓል። ኢንስፔክተሯ አየችውና ወደ እናትየው ዞረች።

«ቤታችሁ በየት በኩል ነው?»

«ለምን?»

«በእግር ስንት ይፈጃል?»

«በኔ እርምጃ አንድ ሰዓት» አለች እናትየው። «በሱ ግማሽ።»

«በእርስዎ እርምጃ እንሂድ።»

ኮፍያዋን አደረገች፣ የደንብ ልብሷን ቁልፎች ቆለፈች፣ ማዕረጓ እንዲታይ ትከሻዋን አቃናች። ከልጁ በስተግራ ሆነች፤ እናትየው በስተቀኝ። በዋናው መንገድ፣ በጸጉር ቤቱ ፊት፣ በአትክልት መሸጫው ፊት ሄዱ። ሰፈሩ ሲደርሱ በሮች እየተከፈቱ ሰው ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ኢንስፔክተሯ በእያንዳንዱ በር ቆም እያለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «እንደምን ዋላችሁ» አለች፤ እስኪመልሱላትም ጠበቀች።